የጣሳ ስፕሬይ ወይስ የሚበጠበጥ ቀለም? አሮጌ ሞተር ሳይክል በቤታቸው ለሚቀቡ

አሮጌ ቬስፓ ወይም ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የወጣ ያማሃ እጃቸው የገባ የአዳማ ወዳጆቼ ዞረው ዞረው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ጣሳ ስፕሬይ ገዝተን በግቢያችን እንቀባው ወይስ ቀለም አስበጥብጠን በኮምፕሬሰር እንርጨው? መልሴን ከወዲሁ ልናገርና ምክንያቱን ላስከትል። ለነዳጅ ታንኩ፣ ለፓራፋንጎው (ለጭቃ መከላከያው) እና ለጎን ክዳኖቹ በማጠንከሪያ የሚበጠበጥ የመኪና ቀለም ይግዙ፤ የጣሳ ስፕሬይን ለሞተሩ (ለኢንጂኑ) ብቻ ያስቀሩት፤ ኮምፕሬሰር ግን ለአንድ ሞተር ሳይክል ሲሉ አይግዙ፣ ይከራዩ ወይም ይዋሱ።

የጣሳ ስፕሬይ ርካሽ የሚመስለው ዋጋው በጣሳ ስለሚነገር ነው። የውጭ ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ቀለም ዋጋው አልረጋ ስላለ የዕለቱን ዋጋ ከሱቁ መጠየቅ ይሻላል፤ ስሌቱን ለማሳየት ያህል ግን አንዱ ጣሳ 500 ብር ነው እንበል። 400 ሚሊ ሊትር ተብሎ ከተጻፈበት ጣሳ ውስጥ ከፊሉ ቀለሙን የሚገፋው ጋዝ ነው፤ የቀረውም በቀጭኑ አፍንጫ እንዲያልፍ ሲባል በብዙ ቲነር የቀጠነ ነው። ግማሹ ቀለም ነው ብለን በልግስና ብናሰላ እንኳ 200 ሚሊ ሊትር በ500 ብር ገዛን፣ ሊትሩም 2,500 ብር ገባ ማለት ነው። ታንኩ፣ ሁለቱ ፓራፋንጎዎችና የጎን ክዳኖቹ በአግባቡ እንዲሸፈኑ ሁለት ጣሳ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚረጭ መሠረት)፣ ሦስት ጣሳ ቀለም፣ ሁለት ወይም ሦስት ጣሳ ክሊር (በቀለሙ ላይ የሚረጭ መልክ የሌለው ሽፋን) ስለሚያስፈልግ ሒሳቡ ከ3,500 እስከ 4,000 ብር ይደርሳል። ለዚሁ ሥራ ከሚበጠበጠው ቀለም ግማሽ ግማሽ ሊትር ፕራይመር፣ ቀለምና ክሊር፣ ለፕራይመሩና ለክሊሩ የየራሳቸው ማጠንከሪያ፣ እንዲሁም አንድ ሊትር ቲነር ይበቃል። ወደ ቀለም ሱቅ ሲሄዱ ሁለቱንም ዝርዝር በወረቀት ጽፈው ይያዙና ዋጋውን ጎን ለጎን ያስደምሩ። የሚበጠበጠው በጥቂት ቢበልጥም አይደንግጡ፤ ልዩነቱ ታንኩ ላይ ቤንዚን በፈሰሰ ዕለት ይመለሳል።

ምክንያቱም ተራው የጣሳ ቀለም የሚደርቀው ቲነሩ ተኖ ሲያልቅ እንጂ ከማጠንከሪያ ጋር ተዋህዶ ስላልሆነ፣ ቤንዚን በነካው ጊዜ እንደገና ይለሰልሳል። ማደያ ገብተው «ሙሉው» ሲሉ ቀጂው እስከ አፉ ይሞላና ጥቂት ጠብታ በክዳኑ ዙሪያ ትቀራለች፤ በጨርቅ ሲጠርጓት ጨርቁ የታንኩን ቀለም ይዞ ይነሣል። ያልተጠረገውም በክዳኑ ጎማ ሥር ገብቶ ቀለሙን ያሸበሽበዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ነው የጣሳውን ርካሽነት የሚያጠፋው፤ በተሸበሸበ ቀለም ላይ ደርቦ መርጨት ሽብሽቡን ስለሚያባብስ፣ እስከ ብረቱ ልጦ ብርጭቆ ወረቀቱንም፣ ፕራይመሩንም፣ ቀለሙንም እንደ አዲስ መግዛት ግድ ይሆናል። ማጠንከሪያው በውስጡ የታሸገ፣ ከሥሩ ያለው ቁልፍ ሲጫን የሚቀላቀል የጣሳ ክሊር መኖሩ እውነት ነው፤ እሱን ካገኙ ቤንዚን ይችላል፤ ነገር ግን ከተራው ጣሳ በብዙ ይወደዳል፣ አንዴ ከተከፈተም ለሌላ ሳምንት አይቀመጥም። ሻጩ «ይሄም ያው ነው» ብሎ ተራ ጣሳ ካቀረበልዎ ገልብጠው ሥሩን ይዩ፤ ቁልፍ ከሌለው ያው አይደለም።

የሚበጠበጠው ቀለምም የራሱ ማጭበርበሪያ አለው፤ ያለውም በማጠንከሪያውና በቲነሩ ላይ ነው። ማጠንከሪያ የአየር እርጥበት ሲያገኝ መበላሸት ስለሚጀምር፣ ከትልቅ ቆርቆሮ ተቀንሶ በሃይላንድ የሚሸጠውን በግማሽ ዋጋ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ። ደህናው እንደ ውኃ የጠራ ነው፤ ደፍርሶ፣ ወፍሮ ወይም በአፉ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ይዞ ካዩት ክሊሩ ላይ ላዩን የደረቀ መስሎ ውስጡ ለሳምንታት ሳይጠነክር ይቀራል፣ ጣት ሲያርፍበትም አሻራ ይይዛል። ቲነሩን ደግሞ በንጹሕ መስታወት ላይ ጠብ አድርገው ይፈትኑት፤ ተኖ ሲያልቅ ምንም ምልክት መተው የለበትም። ቅባት ያለው ክብ ከተወ ላምባ ወይም ናፍጣ ስለተቀላቀለበት ለእጅ ማስለቀቂያ ካልሆነ በቀር ለቀለም አይበጅም። ባለሱቁ በፊቱ እንዲፈትኑ ካልፈቀደልዎ ወደ ሌላ ሱቅ ይሂዱ፤ ሱቅ ሞልቷል።

ኮምፕሬሰር መግዛት ለአንድ ታንክ የማይረባ ወጪ ነው፤ ባለ 24 ሊትር ትንሽ ኮምፕሬሰርና አፍንጫው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ መርጫ ለዚህ ሥራ በቂ ስለሆኑ መዋስ ወይም ለግማሽ ቀን መከራየት ይበቃል። ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ሰፈሩ ውስጥ ያለውን ጎሚስታ ነው፤ ክፍያውም ትንሽ ነው። የጎሚስታ አየር ግን ለጎማ እንጂ ለቀለም ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም፤ ያረጀ ፒስተን የሚገፋው ዘይትና ገንዳው ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ አብረው ይወጣሉ። ቱቦውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ያስነፉ፤ ወረቀቱ ከረጠበ ወይም ቢጫ ነጥብ ከያዘ ቀለሙ ታንኩ ላይ ሲያርፍ ከዘይቷ እየሸሸ ክብ ክብ ጉድጓድ ይሠራል፤ እሱንም ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አርጥቦ አሽቶ እንደገና ከመርጨት በቀር መፍትሔ የለውም። ከመጀመርዎ በፊት የገንዳውን ውኃ ከሥሩ አፍስሱልኝ ይበሉ፤ ውኃ መያዣ ማጣሪያም ከቱቦው ጋር ይግጠሙ።

ስለ ጤናም ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። በማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት የሚባለው ኬሚካል ሲረጭ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ዕድሜ ልክ የማይለቅ አስም ሊያስከትል ይችላል፤ የኮሮና ጊዜ ማስክም ሆነ በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰር እርጥብ ጨርቅ አያግደውም። ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያስገባ ጭንብል ከሌለዎት፣ ማጠንከሪያ የሚገባበትን ፕራይመርና ክሊር መርጨቱን ለመኪና ቀለም ቤት ይስጡና ዝግጅቱን ብቻ በቤትዎ ይሥሩ። ይህ ለኪስም አይጎዳም፤ ቀለም ቤቶች በብዛት የሚያስከፍሉት ለመላጡ፣ ለስቱኮውና ለማሸቱ ስለሆነ፣ ተልጦና ታሽቶ የቀረበላቸውን ታንክ በጥቂት ብር ይረጩታል። ቀለም የሚያቀርቡት እርስዎ እንደሆኑ አስቀድመው ይስማሙ፤ አለበለዚያ ያረጀ ማጠንከሪያቸውን ከአዲስ ዋጋ ጋር ሊያስረክቡዎት ይችላሉ።

የአዳማን ነፋስ ደግሞ ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም፤ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያለ ምክንያት እዚያ አልቆሙም። በግቢ የሚረጭ ሰው ነፋሱ ሳይነሣ ማለዳ መጀመር፣ መሬቱን ውኃ አርከፍክፎ አቧራውን ማስተኛት፣ ፀሐይም ያጋለውን ብረት ሳይሆን በጥላ የዋለውን መርጨት ይኖርበታል። ሐዋሳ ያሉ ወዳጆቼ የሚቸገሩት በአቧራ ሳይሆን በክረምት እርጥበት ነው፤ በእርጥብ ቀን የተረጨ የጣሳ ክሊር ነጭ ጉም ለብሶ ይደርቃል።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ ፍርዴ ይገለበጣል። እዚህ ላይ ጣሳው ያሸንፋል፤ የሚበጠበጠውን መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። ይሁንና ሰው ሁሉ 600 ዲግሪ ይችላል የሚለውን ጣሳ የሚገዛው ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ነው። በአየር የሚበርድ ሞተር ሲሊንደሩና ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) 600 ዲግሪ አይደርሱም፤ ከ200 ዲግሪ በላይ የሚችል የሞተር ቀለም ይበቃል። 600 የሚለው ለማርሚታው (ለጭስ ማፈኛው) እና ከሞተሩ ለሚወጣው የጭስ ቧንቧ የተሠራ ነው፤ ደብዛዛ ሆኖ የሚቀር ከመሆኑም በላይ በሙቀት እስኪጋገር ድረስ ለቤንዚንና ለዘይት ደካማ ነው። ከዚህ ቀደም ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ባለ 600 ጥቁር ጣሳ ማርሚታው እንደሞቀ ቡናማ ሆኖ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል። አስመስለው የሠሩት መሆኑን ከጽሑፉ መረዳት ይቻላል፤ እውነተኛው ሙቀት ቻይ ቀለም የሚጠነክረው ደረጃ በደረጃ ሲሞቅ ስለሆነ ጣሳው ላይ ስለ ማሞቂያው አሠራር ይጻፍበታል፤ «በአሥር ደቂቃ ደርቆ ያልቃል» ብቻ የሚል ጣሳ ከተራ ቀለም አይለይም። ትንሽ የብረት ቁራጭ ላይ ረጭተው ከደረቀ በኋላ በከሰል ማንደጃ ላይ፣ በሜዳ ሆነው፣ ቀስ ብለው ያሙቁት፤ ሲበርድ በጥፍር ሲፋቅ የሚነሣ ከሆነ የቀሩትን ጣሳዎች ሳይከፍቱ ይመልሱ።

ሞተሩ ላይ ቀለም የሚይዘው ወይም የሚለቀው በማጽዳቱ ነው። ዘይቱን በላምባና በብሩሽ፣ ከዚያ በሙቅ ውኃና በሳሙና፣ በመጨረሻ በንጹሕ ቲነር ያስለቅቁ። ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ ርካሽና ፈጣን ነው ብለው የሚመክሩ አሉ፤ ኮስቲክ ሶዳ ግን አሉሚኒየምን ስለሚበላ ቴስታታውን አጥቁሮና ፊቱን ሸርሽሮ ይተወዋል። አሸዋ በአየር ማስረጨትም ሞተሩ ሳይፈታ ከተደረገ አሸዋው ኩሽኔታ ውስጥ ይገባል፤ የዚያን ጊዜ ወጪው የቀለም መሆኑ ቀርቶ የሞተር እድሳት ይሆናል። በሥራው ጊዜ አሮጌ ካንዴላ ቦታው ላይ እንደታሰረ ይቆይ፤ የካርብሬተሩና የማርሚታው ቀዳዳዎች በጨርቅና በፕላስተር ይዘጉ፤ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) የሚቀመጥበትም ፊት ሆነ የኔጌቲቭ ገመድ የሚታሰርበት ቦታ ቀለም እንዳይነካው። ቀይ የዝገት መከላከያ ለብረት ታስቦ የተሠራ ስለሆነ አሉሚኒየም ላይ በቀላሉ አይይዝም፤ አይቀቡት። በሲሊንደሩ ክንፎች መካከልም ስስ አድርገው ሁለት ጊዜ እንጂ ወፍራም አድርገው አንዴ አይርጩ፤ ወፍራም ቀለም ሙቀት ይይዛል። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን በዝግታ ለጥቂት ደቂቃ አስነሥተው ያጥፉት፣ ሙሉ በሙሉ ይብረድ፣ ቀጥሎም ከፊተኛው ረዘም አድርገው ያስነሡት።

የሞተሩ የጎን ሽፋኖች አሉሚኒየም ከሆኑ ደግሞ ገንዘብዎን ይቆጥቡ፤ በ400፣ በ800 እና በ1200 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ አሽተው በፖሊሽ ካበሩት የትኛውም ብርማ ጣሳ ያን መልክ አይሰጥም። ለበር የሚቀባውን የዘይት ቀለም ብዙ ሰው ከሁሉ ርካሽ ነው ብሎ ይጠይቀኛል፤ ታንክ ላይ ቤንዚን ያለሰልሰዋል፣ ሞተር ላይ ያጨሳል፣ ከሱ በታች የሚወዳደር የለም።

ቀለሙን ከመምረጥዎ በፊት ሊብሬውን ገልጠው የተጻፈውን መልክ ይመልከቱ፤ ቀይ የተባለውን ሰማያዊ ካደረጉት መንገድ ትራንስፖርት ሄደው ማስለወጥ ይጠበቅብዎታል፤ የጉዳዩ ምልልስና ክፍያ ደግሞ ከላይ በተደመረው ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ሻንሲውን ሲቀቡም ቁጥሩ የተቀረጸበትን ቦታ ስቱኮ አያስነኩ፤ ስስ ቀለም ብቻ ያልብሱት፤ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ መርማሪው ቁጥሩን ማንበብ ካልቻለ ያንኑ ቦታ ልጠህ አምጣ ማለቱ አይቀርም።