«የናሳ ሮቨር ሙሉ ዕቃ» ለሚባለው ካርቶን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ «የናሳ ሮቨር ሙሉ ዕቃ» የተባለ፣ ሮቨር (በሌሎች ፕላኔቶች ላይ እየተሽከረከረ የሚያስስ ባለ ጎማ ሮቦት) መሥሪያ ካርቶን ግማሽ ዋጋው በቀብድ እየተከፈለ ለተማሪዎች በመሸጥ ላይ ስለሆነ፣ ለመግዛት ያሰባችሁ ወላጆችና የሳይንስ ክበብ መምህራን ይህን እንድታነቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የጎረቤቴ ልጅ የገዛውን ካርቶን አብረን ፈትተን ተመልክተነዋል።

ሻጩ «የዲዛይን ፈቃድ» እያለ የሚያስከፍለው ገንዘብ መሠረት የለውም። የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ፣ ሰው ራሱ ሊገጣጥመው የሚችለውን ባለ ስድስት ጎማ ሮቨር ንድፍ፣ የዕቃ ዝርዝርና ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2018 ለማንም ሰው በነጻ ለቋል። ያኔ የዕቃው ወጪ 2,500 ዶላር ገደማ ይሆናል ተብሎ ስለነበር፣ በጥቂት ብር «ያው ነው» የሚላችሁ ሰው የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው። በካርቶኑ ውስጥ የነበሩት አራት ቢጫ የመጫወቻ ሞተሮች ናቸው፤ ጎማዎቹ ድንጋይ ሲወጡ ሁሉም መሬት እንዳይለቁ የሚያደርገው ሮከር ቦጊ የተባለው የእግር አሠራር ጭራሹኑ የለም። ኮብልስቶን ላይ ስናስነሳው አንዱ ጎማ አየር ላይ በከንቱ ይሽከረከር ነበር።

ኤሌክትሪኩም ከዚህ አይሻልም። ኤል298ኤን የተባለው የሞተር መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ከባትሪው ቮልቴጅ ሁለት ቮልት ያህሉን በሙቀት መልክ የሚያባክን ሲሆን፣ ሻጩ 3 አምፔር የሚፈልገውን ራስበሪ ፓይ 4 የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ካለችው ትንሽ የ5 ቮልት መውጫ ስላገናኘው ሞተሮቹ በተነሱ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይጠፋል።

ከሁሉ የከፋው ግን ባትሪው ነው። 18650 በሚባለው መጠን የታወቁ አምራቾች የሚሠሩት ባትሪ በአብዛኛው ከ2,000 እስከ 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል፤ በእነዚህ ላይ የተጻፈው ግን 9,900 ነው። እውነተኛው 45 ግራም ገደማ ሲመዝን፣ የእኛ በወርቅ ሚዛን 30 ግራም እንኳ አልሞላም። አብሮ የመጣው ቻርጀር ባትሪው 4.2 ቮልት ሲደርስ አያቆምም፤ ይህ ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ስለዚህ የዕቃውን ዝርዝር ከነጻው ንድፍ ጋር ሳታመሳክሩ፣ ባትሪውን ሳትመዝኑና ደረሰኝ ሳይቆረጥላችሁ ቀብድ አትስጡ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ቢሰጠውም፣ ያለ ደረሰኝ መከራከር ከባድ ነው፤ ይህ ሻጭ ደግሞ ደረሰኝ ሲጠየቅ «ነገ» ነው የሚለው። ካርቶኑን አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ባትሪዎቹን ቻርጅ አታድርጉ፤ ልጆች ከሚተኙበት ክፍልም አውጧቸው።