ለቀዶ ሕክምና ቁስል የሞከርናቸው ሦስት መከላከያዎች፦ ኮን፣ በአየር የሚነፋ ቀለበትና ልብስ

ስድስት ዓመት የሞላው ውሻችን ቦቢ የግራ የኋላ እግሩ የጉልበት ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ሐኪሙ ከጉልበቱ በታች ያለውን አጥንት ቆርጦ አቀማመጡን ካስተካከለ በኋላ በብረትና በብሎን ያሰረው ሲሆን፣ በእግሩ የውስጥ በኩል ከመዳፌ የሚረዝም ስፌት ነበረው። ወደ ቤት ስንመለስ ከተሰጠን መመሪያ ሁሉ አጥብቆ የተነገረን አንድ ነገር ነበር፤ ክሩ እስኪወጣ ድረስ፣ ማለትም ከ10 እስከ 14 ቀናት፣ ምላሱ ቁስሉ ላይ እንዳይደርስ። የውሻ ምላስ ቁስል ያድናል የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ምራቁ ጀርም ይዞ ይገባል፣ የምላሱ ሻካራነትም ክሩን ያላላል፣ የፊት ጥርሶቹ ደግሞ ሊበጥሱት ይችላሉ። ይህ ግምገማ እሱን ለመከልከል ስለተጠቀምንባቸው ሦስት ዕቃዎች ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት አንገት ላይ የሚታሰረውን፣ በአየር የሚነፋውን ቀለበት ነበር። የገዛሁትም ስላዘንኩለት ነው፤ ከማደንዘዣ ገና ያልነቃ፣ ዓይኑ የፈዘዘና ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ ውሻ አንገት ላይ ጠንካራ ፕላስቲክ ማሰር ጭካኔ መስሎ ታየኝ። ቀለበቱ በእርግጥ ምቹ ነው። ቦቢ አስሮት በላ፣ ጠጣ፣ እንደ ትራስ አድርጎም ተኛበት፤ በበር ሲገባና ሲወጣም ከምንም ነገር ጋር አልተጋጨም። በሦስተኛው ሌሊት ግን በጨለማ ውስጥ እርጥብና የማያቋርጥ የመላስ ድምፅ ሰምቼ መብራት ሳበራ፣ እግሩን ወደ ደረቱ አጥፎ፣ አፉን በቀለበቱ ጠርዝ ላይ አሳልፎ ስፌቱን ሲልስ አገኘሁት። በዙሪያው ያለው ቆዳ በምራቅ ርሶ ቀልቷል፣ የታችኛው ጫፍ ሁለት ክሮችም ላልተው ቆዳው በመካከላቸው ትንሽ ተከፍቷል። በማግስቱ ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ ያንን ጫፍ በድጋሚ መስፋት ነበረበት። ቀለበቱ አንገት እንዳይታጠፍ ስለሚያግድ በሆድ ወይም በደረት ላይ ላለ ቁስል ለብዙ ውሾች ሊበቃ ይችላል፤ ለእግርና ለጅራት ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም ውሻው አፉን ወደ እግሩ ባይወስድ እግሩን ወደ አፉ ያመጣዋል። ይህ በማሸጊያው ላይ በግልጽ ሊጻፍ ይገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ኮኑ ዞርን። ኮን ስል እንደ ጥሩምባ አፍ ወደ ፊት የሚሰፋውን የፕላስቲክ አንገትጌ ማለቴ ነው፤ በሐኪሞች ዘንድ ኤልዛቤታን ኮላር የሚባለውም በ16ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ በንግሥት ኤልዛቤት ዘመን መኳንንቱ ይለብሱት ከነበረው ሰፊ አንገትጌ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ከሁሉ በላይ ወሳኙ ነገር ልኩ ነው። ጠርዙ ከአፍንጫው ጫፍ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማለፍ አለበት፤ በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ደግሞ ሁለት ጣት መግባት ይኖርበታል፤ ከዚያ ከላላ በፊት እግሩ ገፍቶ ያወልቀዋል፣ ከጠበቀም አንገቱን ያቆስለዋል። ብርሃን የሚያሳልፈውን ዓይነት መምረጤ ጠቅሞኛል፤ ቦቢ ግራና ቀኙን ማየት ስለሚችል በሁለተኛው ቀን በየመቃኑ መጋጨቱን ቀነሰ።

በመጀመሪያው ቀን ግን አንገቱን ደፍቶ በክፍሉ መካከል ለረጅም ጊዜ ቆሞ ቀረ፣ ምግብም አልነካም። የምግብ ሳህኑን ከኮኑ አፍ በሚጠብ የተደፋ ድስት ላይ ከፍ አድርጌ ሳስቀምጥለት ግን ጠርዙ ወለሉን መምታቱ ቀረና ሳህኑን ጨርሶ ላሰው። የምግብ ፍርፋሪ በውስጡ ስለሚደርቅ በየዕለቱ በሳሙና ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ በምናጥብበትም ጊዜ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ይይዛል፣ ምክንያቱም ክር ለመበጠስ አንድ ደቂቃ ይበቃል። የዚህ ዕቃ እውነተኛ ጉድለት የውስጥ ጠርዙ ነው፤ በአምስተኛው ቀን ከጆሮው ሥር ቆዳውን ልጦት ስላገኘሁ ለስላሳ ጨርቅ ዙሪያውን ሰፋሁበት። አምራቹ ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባ ነበር።

ሦስተኛው፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚለበሰው ልብስ፣ ለሆድ ስፌት የተሠራ ነው። እግር ያለውን ዓይነት ሞከርነው፤ ጨርቁ ሽንት ነክቶት ቁስሉ ላይ እርጥበት ስላሳደረ በዚያው ቀን አወለቅነው።

ስለ ኮኑ አንድ ነገር ተሳስቼ ነበር። አመሻሽ ላይ ቦቢ እየተነሳ፣ እያለከለከና እያለቀሰ ሲያስቸግረን ኮኑን ጠልቶ ነው ብዬ ላወልቅለት ተቃርቤ ነበር፤ ሰዓቱን ስናጤን ግን የሚረበሸው የማስታገሻው ጊዜ ሲያልፍ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ የሰዓቱን ክፍተት ሲያስተካክልለት ኮኑን እንዳሰረ ተኛ። ሕመም የተሰማው ውሻ ቁስሉን ይበልጥ ስለሚልስ፣ ማስታገሻው በሰዓቱ ካልተሰጠ የትኛውም መከላከያ ብቻውን አይበቃም። ማስታገሻ ስል ለውሻ የታዘዘውን ብቻ ነው፤ ለሰው የሚሆኑት አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል ውሻን ሊመርዙ ይችላሉ፣ አይቡፕሮፌን ጨጓራውን ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል።

በየጠዋቱ ቁስሉን በመስኮት ብርሃን እናየው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል መቅላትና ወደ ቁርጭምጭሚቱ የወረደ እብጠት የሚጠበቅ መሆኑን ሐኪሙ ነግሮን ስለነበር አልደነገጥንም፤ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የሚጨምር እብጠት ወይም የቆዳ መከፈት ካየን ግን ሳንውል ሳናድር እንድንደውል አሳስቦናል።

ለኮኑ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት በጠርዙ ምክንያት ነው። ለቀለበቱ ሁለት፣ ለእግር ቁስል ከሆነ ግን ምንም። ልብሱን ለሆድ ስፌት ስላልሞከርኩት ነጥብ አልሰጠውም። የቦቢ ክር በድጋሚ በተሰፋው ጫፍ ምክንያት ዘግይቶ በ16ኛው ቀን ወጣ፤ አጥንቱ ግን እስኪገጥም ስምንት ሳምንት ገደማ ስለሚወስድ አሁንም በገመድ ተይዞ አጭር እርምጃ ብቻ ይሄዳል፣ መዝለልና ደረጃ መውጣትም ተከልክሏል። ክሩ ከወጣ በኋላም ኮኑን ሁለት ቀን አቆየንለት፤ ክሩ የነበረበት ቆዳ ያሳክከዋልና።