ለቀጨኔዋ እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ሸክላ ሥራ መማር ከጀመርኩ ስምንተኛ ወሬ ነው። የኮርሱ የመጨረሻ ሁለት ወር የግል ፕሮጀክት ነው። የምንሠራውን ራሳችን እንመርጣለን፣ ጭቃውንም ራሳችን እናዘጋጃለን። እኔ ለእናቴ ጀበና ልሥራ አልኩ። በእጅ ብቻ የተሠራ፣ ሜዳ ላይ በእንጨት እሳት የተቃጠለ። ክፍላችን ውስጥ ይህን የሚያሳየኝ አልነበረም። ጓደኛዬ ናት አዲስ አበባ ያለው የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ቀጨኔ ወስዳ ከእኚህ ሸክላ ሠሪ እናት ጋር ያገናኘችኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ እማማ እላቸዋለሁ።

የመጀመሪያ ጀበናዬን ይዤ ሄድኩ። በጭቃው ኮርቼ ነበር። በወንፊት የተነፋ፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ። እማማ ዳሰስ አደረጉትና "ይሄ እሳት አይችልም" አሉኝ። ግን አልከለከሉኝም። ከራሳቸው ድስቶች ጎን አስገቡልኝ። ብዙም ሳይቆይ ጧ ብሎ ፈነዳ።

ክፍላችን ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ቀስ እያለ፣ በሰዓታት ነው የሚሞቀው። የእንጨትና የቅጠል እሳት ግን ወዲያው ይንቀለቀላል። ደረቀ ያልነው ጭቃ ውስጥ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ መውጫ ይፈልጋል። የኔ ጭቃ በጣም ደቃቅ ስለነበር መውጫ አጣ።

እማማ ገሉን ለቃቅመው ሰጡኝ። "ውቀጪውና ጭቃው ውስጥ መልሺው።" የተወቀጠው ገል ጭቃው ውስጥ ለእንፋሎቱ መውጫ ይከፍታል። ፕሮጀክቴ መልክ የያዘው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ዓይነት ጭቃ አቦካሁ። አንዱ ገል የሌለበት፣ አንዱ አንድ አምስተኛው ገል፣ አንዱ አንድ ሦስተኛው። ከየዓይነቱ አራት አራት ስኒ ሠርቼ አብረን አቃጠልን። ገል ከሌለባቸው ሦስቱ ፈነዱ። አንድ አምስተኛ ካለባቸው ሁለቱ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አወጡ። አንድ ሦስተኛ ያለባቸው ሁሉም ደህና ወጡ፤ ግን በዚያ ጭቃ የጀበና አንገት ልሥራ ስል ይቀደድብኛል። በመጨረሻ አንድ አራተኛ ላይ ረጋሁ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው አንድም ቀን ከእጄ ነጥቀው ስላላስተካከሉልኝ ነው። ሲያቅተኝ የራሳቸውን ያነሱና አጠገቤ ቀስ ብለው ይሠራሉ። አይና የኔን አፍርሼ እንደገና እጀምራለሁ። በልጅነታቸው ጎረቤት ቡዳ ናቸው እያለ እነሱ ቤት ቡና አይጠጣም ነበር። በየቤቱ ቡናው የሚፈላው ደግሞ እናታቸው በሠሩት ጀበና። ሲነግሩኝ አንጀቴ ተላወሰ።

ሸክላ ለምትማሩና የፕሮጀክት ሐሳብ ለጠፋባችሁ፣ እሳቸው ጋ ሂዱ። የምጣዱንም ጠይቋቸው። ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ ምን እንደሚሆን ብቻውን ፕሮጀክት ይወጣዋል። ደግሞ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትመለሱ። ሥራቸውን አቁመው ነው የሚያስተምሩት፣ የጊዜያቸውን ክፈሏቸው።

እማማ፣ እናቴ ባለፈው እሁድ በጀበናው ቡና አፍልታበታለች። ጠብ አላለም። አንደኛውን ስኒ ለእርስዎ ብላ ቀድታለች።

ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፣ ፈቅደውልኛል። ጠዋት ደውሉ፤ ከሰዓት እሳት ላይ ናቸው።