የእማዬን ሮያሊቲ ያስተካከሉልን ሴት፦ በታራንት ካውንቲ ቤት ላላችሁ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በመጀመሪያ ለማመስገን ነው። ቀጥሎ ደግሞ እዚህ ቴክሳስ በአርሊንግተን፣ በፎርት ዎርዝና በአካባቢው ቤት ላላችሁ፣ በተለይ ወላጆቻችሁ ቤት ትተውላችሁ ላረፉባችሁ፣ ጥቆማ ለመስጠት ነው። ከቤታችሁ ሥር ጋዝ እየወጣ ሊሆን ይችላል። ከጋዙ ሽያጭ የሚገባችሁ ድርሻ፣ ሮያሊቲ የሚባለው፣ በትክክል እየደረሳችሁ መሆኑን የሚያጣራላችሁ ሰው አለ።

እኚህ ሴት ፎርት ዎርዝ ነው የሚሠሩት። አሜሪካዊት ናቸው፣ በዕድሜ ከእናቴ ብዙም አይርቁም። ለብዙ ዓመታት ጋዝ ኩባንያ ውስጥ የሮያሊቲ ሂሳብ ሲሠሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ለትንንሽ ባለመብቶች መሥራት ጀመሩ። ቼኩን ራሳቸው ሲያዘጋጁ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ስህተት የት የት እንደሚደበቅ ያውቃሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እዚህ አልጻፍኩትም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ ትንሽ ላስረዳ። ከፎርት ዎርዝና ከዙሪያዋ ካውንቲዎች ሥር ባርኔት ሼል የሚባል ጋዝ ያዘለ ዐለት አለ። የጆርጅ ሚቸል ኩባንያ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ዋይዝ ካውንቲ ውስጥ የቆፈረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ዐለቱን በውሃ ግፊት ሰንጥቆ ጋዙን በሚያዋጣ ወጪ ማውጣት የተቻለው ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ ወደ ታች ወርዶ ወደ ጎን የሚታጠፍ ቁፋሮ ሲስፋፋ ኩባንያዎቹ ከተማ ውስጥ ገቡ። የዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ በ2006 ሊዝ (ኩባንያ ከመሬቱ ሥር ጋዝ እንዲያወጣ የሚፈቅድ ውል) ሲፈርም ለፊርማው ብቻ ወደ 185 ሚሊዮን ዶላር ነው የተከፈለው። እኛ ሰፈርም የሊዝ አስፈራሚዎች በየቤቱ እያንኳኩ መጡ።

አባቴ ያኔ አላመናቸውም ነበር። «ከመሬት በታች ያለውማ የመንግሥት ነው» ይል ነበር። ልክ ነው፣ በእኛ አገር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ቴክሳስ ውስጥ ግን የማዕድን መብት የግል ንብረት ነው። ከቤቱ ተለይቶም ይሸጣል። ስለዚህ ቤቱን የሠራው ኩባንያ መብቱን ለራሱ አስቀርቶ ሸጦላችሁ ሊሆን ይችላል። የአባቴ ዲድ (የቤቱ ባለቤትነት ሰነድ) ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ስለዚህ በመጨረሻ በሃያ አምስት በመቶ ሮያሊቲ ፈረመ። ቦታችን አንድ ኤከር ነው፣ ከአርሊንግተን ደቡብ።

አባቴ ካረፈ በኋላ ቼኩ ቆመ። በዚያው ሰሞን ጉድጓዶቹ ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላ ተሽጠው ነበር። እናቴ ስትደውል የሚያነሱት ሰዎች «ጉድጓዱ ቆሞ ይሆናል» አሏት። እሷም ተቀበለቻቸው። ምን ታድርግ፣ ጉድጓዱን ወርዳ አታይ።

እኚህ ሴት የሰጡን የመጀመሪያ ትልቅ ነገር ይህ ነው፦ ጉድጓዱን ቤት ቁጭ ብሎ ማየት እንደሚቻል አሳዩን። የቴክሳስ የባቡር ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፣ ዛሬ ሥራው ባቡር ሳይሆን ዘይትና ጋዝ ነው። እያንዳንዱ ኦፕሬተር፣ ማለትም ጉድጓዱን የሚያሠራው ኩባንያ፣ በየወሩ ያመረተውን ለዚህ መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። ዝርዝሩም ድረ ገጹ ላይ ለማንም ክፍት ነው፣ በነጻ። ከ1993 ጀምሮ ያለው ይገኛል። ጋዝ ሲሆን እያንዳንዱ ጉድጓድ የራሱ ቁጥር አለው። ዘይት ሲሆን ደግሞ በሊዝ ተደምሮ ነው የሚመዘገበው። የእናቴን አሮጌ የቼክ ዝርዝር ተቀብለው፣ ቁጥሩን አስገብተው፣ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩላት። ቆመ የተባለው ጉድጓድ አንድም ወር አልቆመም።

እናቴ ከወንበሯ ተነሳች። እንግሊዝኛዋ ብዙም አይደለም፣ ቁጥሮቹን ግን በደንብ አነበበቻቸው።

ቀጥሎ ያደረጉት ደግሞ የበለጠ አስገረመኝ። እንደ እኔ ቢሆን ጠበቃ እንፈልግ ነበር። እሳቸው «መጀመሪያ እንጠይቅ» አሉ። የቴክሳስ ሕግ ባለመብት በአደራ ደብዳቤ ስለ ክፍያው ሲጠይቅ ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ስልክ ላይ የሚባለው ነገር ማስረጃ የለውም። በአደራ የተላከ ደብዳቤ ግን ደረሰኝ አለው። የጻፉት ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፣ ቁጣም የለበትም። የጉድጓዶቹ ቁጥር፣ ያመረቱባቸው ወራት፣ «ክፍያው የት ነው ያለው?» የሚል ጥያቄ። በቃ።

መልሱ መጣ። ገንዘቡ በአባቴ ስም ተይዞ ተቀምጧል። ባለቤቱ መሞቱን እንጂ ወራሹ ማን እንደሆነ ስለማያውቁ «ሰስፔንስ» የሚሉት ውስጥ አስገብተውታል። እኔ ወለድ ይከፈለን ባይ ነበርኩ፣ ምክንያቱም ክፍያ ሲዘገይ ሕጉ ወለድ እንዳለው ሰምቼ ነበር። እሳቸው ግን በግልጽ ነገሩን። የባለቤትነቱ ነገር ያልጠራ ከሆነ ኩባንያው ያለ ወለድ መያዝ ይፈቀድለታል። «ይህን ብትጠይቁ ጊዜያችሁን ነው የምትጨርሱት» አሉ። እዚህ ላይ ነው ይበልጥ ያመንኳቸው።

አባቴ ኑዛዜ አልተወም። ስለዚህ የወራሽነት ቃለ መሐላ አስፈለገ። ቤተሰቡን በሚገባ የሚያውቁ፣ ከውርሱ ግን ምንም የማያገኙ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል። ከቤተ ክርስቲያን የአባቴ ወዳጆች መጡልን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ወረቀቱ ፎርት ዎርዝ የካውንቲው ጸሐፊ ቢሮ ተመዘገበ፣ ቅጂው ለኩባንያው ተላከ። ከዚያ በእናቴ ስም አዲስ ዲቪዥን ኦርደር መጣ። ይህ እንግዲህ ድርሻችሁን በዴሲማል ቁጥር የሚያሳይ ወረቀት ነው።

እዚህ ጋ በደንብ አንብቡኝ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ሂሳቡ ቀላል ነው። የእናንተ ኤከር ለዩኒቱ (ጋዙ አንድ ላይ ለሚወጣባቸው የተዳመሩ ቦታዎች) ጠቅላላ ኤከር ይካፈላል፣ በሮያሊቲው መቶኛ ይባዛል። የእኛ አንድ ኤከር፣ ዩኒቱ 300 ኤከር፣ ሮያሊቲው 25 በመቶ ነው። 0.00083333 ይመጣል። ከዩኒቱ በወር የ100,000 ዶላር ጋዝ ቢሸጥ የእኛ ድርሻ ወደ 83 ዶላር ነው ማለት ነው፣ ታክስና ተቀናሽ ሳይነካው። አዲሱ ዲቪዥን ኦርደር ላይ ግን የተጻፈው 0.00041667 ነበር። ግማሹ።

እኔ ዜሮዎቹን ስቆጥር እሳቸው ምክንያቱን አግኝተውታል። ኩባንያው ለእናቴ የራሷን ግማሽ ብቻ ነበር የሰጣት። የአባቴን ግማሽ ለልጆች ሊያከፋፍል አስቦ ይዞታል። ቴክሳስ ውስጥ ግን በጋብቻ ዘመን የተገዛ ንብረት የጋራ ነው። ሟቹ ኑዛዜ ካልተወና ልጆቹ ሁሉ የሁለቱም ልጆች ከሆኑ፣ የሟቹ ግማሽም ለሚስቱ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ሁላችንም የአንድ እናትና አባት ልጆች ነን። ይህን በአንድ አንቀጽ ጽፈው ሰደዱ፣ ኩባንያውም አስተካከለ። ያን ዲቪዥን ኦርደር ዝም ብለን ፈርመን ብንመልሰው ኖሮ እናቴ ግማሹን እያገኘች ትኖር ነበር።

የድሮው ኩባንያ ይዞት የነበረው ገንዘብስ? እሱ ደግሞ ለግዛቱ ተላልፎ ነበር። ባለቤቱ ያልታወቀ የሮያሊቲ ገንዘብ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ቴክሳስ ኮምፕትሮለር፣ የግዛቱ የገንዘብ መሥሪያ ቤት፣ ይገባል። የአባታችሁን ስም ኮምፕትሮለሩ የጠፋ ንብረት በሚያስመልስበት ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። የእኛን አባት ስም ሁለት ዓይነት ፊደል አድርገው መዝግበውት ነበር። የአበሻ ስም ስለሆነ በሁሉም ዓይነት አጻጻፍ ሞክሩ። የአያት ስም በፊት፣ የራስ ስም በኋላ ሆኖም ይገኛል። ማመልከቻው ነጻ ነው። እናስመልስላችሁ ብለው መቶኛ የሚጠይቁ ሰዎች ደብዳቤ ሲጽፉላችሁ ይህን አስታውሱ።

ሁሉም ነገር ግን በእኛ መንገድ አልሄደም፣ እሱንም ልናገር። ቼኩ ላይ የጋዝ ማሰባሰቢያ፣ የመጭመቂያ፣ የማጓጓዣ እየተባለ የሚቀነስ አለ። እናቴን ከሁሉ በላይ ያናደዳት ይኼ ነበር። እኚህ ሴት ሊዙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። በዚህ ጉዳይ ሁሉም የሚወሰነው በሊዙ ቃል ነው አሉ። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 «አይቀነስም» የሚል አንቀጽ ያለበትን ሊዝ እንኳ ለኩባንያው ፈርዷል። በ2015 ደግሞ ሌላ ቤተሰብ፣ የሊዙ ቃል ጠንካራ ስለነበር፣ አሸንፏል። የእኛ ሊዝ መቀነስ ይፈቅዳል። «ለጠበቃ የምትከፍሉት ከምታገኙት ይበልጣል፣ ተዉት» አሉን። ከዚህ ውጪ ለግዛቱ የሚቆረጠው ታክስ አለ፣ ጋዝ ላይ 7.5 በመቶ። እሱን የሚከራከር የለም።

ጎረቤታችንንም ወስደናቸው ነበር። ቼካቸው በየዓመቱ እየቀነሰ ስለመጣ ተሰረቅሁ ብለው እርግጠኛ ሆነው ነው የሄዱት። ሴትዮዋ የምርት መዝገቡንና የቼኩን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀመጡላቸው። ቁጥሩ ገጠመ። የሼል ጉድጓድ ልክ እንደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ነው፣ ሲከፈት መጀመሪያ ይገነፍላል፣ ከዚያ እያደር ይቀዘቅዛል። ዋጋውም እንደዚያው። በ2008 አጋማሽ ጋዝ በአንድ ሚሊዮን ቢቲዩ (ጋዝ የሚሸጥበት መለኪያ) ከ12 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፣ በ2020 ከ2 ዶላር በታች ወረደ። ጎረቤታችን የተሰረቀባቸው ነገር አልነበረም። ለዚያ ሁሉ ሥራ የጠየቋቸው የአንድ ሰዓት ክፍያ ብቻ ነው።

ክፍያቸው በሰዓት ነው እንጂ ከምታገኙት ላይ በመቶኛ አይደለም። ይህን ወድጄላቸዋለሁ። ሲጀምሩም ይሄን ያህል ይፈጃል ብለው ይነግሯችኋል፣ ከዚያ አያልፉም።

ሌላው፣ እጃቸው ላይ እንድትቀሩ አይፈልጉም። ለእህቴ አንድ ሰንጠረዥ ሠርተው ሰጧት። በአንዱ ዓምድ ለባቡር ኮሚሽኑ የተነገረው ምርት፣ በሌላው ቼኩ ላይ የተጻፈው የጉድጓዱ ጠቅላላ መጠን፣ ቀጥሎ ዋጋ፣ ተቀናሽ፣ ዴሲማል። ሁለቱ መጠኖች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፣ ምክንያቱም ከጋዙ የተወሰነው እዚያው ለነዳጅ ይውላል። ልዩነቱ በየወሩ ተቀራራቢ ከሆነ ችግር የለም። ድንገት ሲሰፋ ነው መጠየቅ ያለባችሁ። ደግሞ ቼክ ቀረ ብላችሁ ወዲያው አትደንግጡ። ኩባንያው ለእናንተ የሚከፍለው ጠቅላላ 100 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አጠራቅሞ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲከፍል ይፈቀድለታል። አሁን እህቴ ይህን ራሷ ትሠራዋለች።

ማዕድናችሁን እንግዛ የሚል ደብዳቤ ከመጣላችሁም ከመፈረማችሁ በፊት ደውሉላቸው። እናቴ የደረሳትን ሲያዩ መጀመሪያ የፈተሹት በአካባቢው አዲስ የቁፋሮ ፈቃድ ተጠይቆ እንደሆነ ነው። እሱም እዚያው ድረ ገጽ ላይ አለ።

ልታውቁት የሚገባ ነገር፦ ስልክ ቶሎ አያነሱም፣ መልእክት ተዉላቸው፣ ይመልሳሉ። የታክስ ሥራ አይሠሩም፣ ፍርድ ቤትም አይቆሙም። አማርኛ ስለማይችሉ አረጋውያን ወላጆቻችሁን ብቻቸውን አትላኳቸው። ሲያናግሩ ግን አስተርጓሚውን ሳይሆን እናታችሁን እያዩ ነው የሚያናግሩት፣ እስክትረዳም ይጠብቃሉ። እናቴ በጣም የምታነሳላቸው ይህን ነው። ዶሮ ወጥ ሠርታ ወስዳላቸዋለች።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ለምትሄዱ፣ ከመደወላችሁ በፊት አንድ አሮጌ የቼክ ዝርዝር፣ ሊዙን፣ የቤቱን ዲድና ያረፈ ካለ የሞት ምስክር ወረቀቱን አዘጋጁ። ሊዙ ከጠፋባችሁ አትጨነቁ፣ ብዙ ጊዜ ካውንቲው ጸሐፊ ቢሮ ተመዝግቦ ይገኛል።