ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የገዛሁት የደም ግፊት መለኪያና ማዳመጫ፦ የአንዲት የነርሲንግ ተማሪ አስተያየት

ለልምምድ ወደ ዋርድ (በሽተኞች ወደሚተኙበት ክፍል) የምትወጡ ታናናሾቼ «መጀመሪያ ምን እንግዛ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ጋዋን ካሰፋችሁ በኋላ ቀጥሎ የሚገዛው የራሳችሁ ቢፒ አፓራተስ (የደም ግፊት መለኪያ) እና ስቴቶስኮፕ (ማዳመጫ) ነው፤ ያውም በእጅ የሚነፋው። እኔ የገዛሁት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሕክምና ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች በአንዱ ነው። ዚፕ ባለው ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ግፊቱን የሚያሳይ ባለመርፌ ጌጅ፣ የአዋቂ ካፍ (ክንድ ላይ ተጠቅልሎ የሚነፋው ጨርቅ)፣ የጎማ መንፊያና ባለሁለት ገጽ ማዳመጫ አለ። ማዳመጫው ሐኪሞች አንገት ላይ የምናየው ሊትማን የሚባለው ውድ ምርት አይደለም፤ በአንድ ሊትማን ዋጋ ይህን ሙሉ ዕቃ ደጋግሞ መግዛት ይቻላል።

ሱቁን የወደድኩት ባለቤቱ ስለታገሡኝ ነው። መርፌው ሳይነፋ ዜሮ ላይ መቆሙን አየሁ። ከዚያ ካፉን በያዝኩት የውኃ ፕላስቲክ ላይ ጠቅልዬ እስከ 200 ነፋሁና የአየር ማስወጫ ቫልቩን ዘግቼ ጠበቅሁ። የመጀመሪያው ዕቃ መርፌው ቀስ እያለ ወረደ፤ አየር ያስወጣል ማለት ነው። እሳቸው ግን ፊታቸውን አላጠቆሩም፤ «እንዲህ ፈትሸሽ ብትገዢ ነው የሚሻለው ልጄ» ብለው ሌላ ሳጥን ከፈቱልኝ። ያኛው ንቅንቅ አላለም። ይህን ሳታደርጉ ገንዘብ አትክፈሉ፤ የሚፈትሽ ደንበኛን የሚያመናጭቅ ሱቅ ካጋጠማችሁም ወደ ሚቀጥለው እለፉ፤ ሰፈሩ ሱቅ አያጣም።

ድምፁ ከጠበቅሁት በላይ ነው። የጆሮ መሰኪያዎቹ ወደ አፍንጫ አቅጣጫ እስከዞሩ ድረስ፣ አስታማሚ በሚበዛበት ክፍል ውስጥ እንኳ የመጀመሪያው «ጥፕ» ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የላይኛው ቁጥር እሱ ነው። ድምፁ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋበት ደግሞ የታችኛው። ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ በ1905 እ.ኤ.አ. ያስታወቀው ይህ ዘዴ ባትሪም መብራትም አይጠይቅም። ራሱ ነፍቶ ቁጥሩን የሚያሳየውን ዲጂታል አልጠላውም፤ ቤት ውስጥ ለሚከታተል ሰው ጥሩ ነው። ዋርድ ውስጥ ግን ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው፣ የልብ ምታቸው የተዛባ ወጣቶች ያጋጥሙናል። እነሱ ላይ ዲጂታሉ የሚሰጠው ቁጥር ሊያሳስት ስለሚችል፣ በጆሮ እየሰሙ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ጉድለቶቹን ልንገራችሁ። ቫልቩ ሲገዛ ጠጣር ነው፤ ትንሽ ሲላላ አየሩ ባንዴ ይወጣል። መርፌው መውረድ ያለበት በሴኮንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (ግፊት የሚለካበት አሃድ) ስለሆነ፣ እጃችሁ እስኪለምደው በጓደኞቻችሁ ክንድ ላይ ተለማመዱ። የጆሮ መሰኪያው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ያማል። በለስላሳ ጎማ ቀይሬዋለሁ።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን ካፉ ላይ ነው። አንድ መጠን ብቻ ነው ያለው። መደበኛው የአዋቂ ካፍ በአብዛኛው ዙሪያው ከ27 እስከ 34 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ የተሠራ ነው። የኛ ሰው፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ እናቶች፣ ክንዳቸው ከዚያ ይቀጥናል። ሰፊ ካፍ ቀጭን ክንድ ላይ ሲታሰር ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ግፊት ያለበት ሰው «ደህና ነዎት» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጠባብ ካፍ ወፍራም ክንድ ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በአያቴ ምክንያት ነው። አያቴ ግፊት እንዳለባት ያወቅነው ስትሮክ ግራ ጎኗን ከያዛት በኋላ ነው። ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ሐኪሞቹ ጠዋት ራውንድ አድርገው ይሄዳሉ፤ ሥራቸው ነው፣ ሌላም ብዙ በሽተኛ አለባቸው። ሌሊቱን አብራን የምታነጋው ሲስተር ነበረች። በየሁለት ሰዓቱ መጥታ አያቴን ከጎን ወደ ጎን ታገላብጣት ነበር፤ እናቴንና እኔን አንሶላውን እንዴት ይዘን እንደምናዞራት አስተማረችን። አያቴ የአልጋ ቁስል ሳይነካት ነው የወጣችው። ሲስተሯ ልትለካት ስትመጣ ደግሞ መጀመሪያ «እማማ፣ ክንድዎን ልያዘው?» ብላ ትጠይቃት ነበር፤ ቁጥሩን የምትነግረውም ለእኛ ሳይሆን ለራሷ ለአያቴ ነበር። አፏ ተይዞ መናገር ለተሳናት ሴት እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጥ ማየት እኔን ለወጠኝ። ያን ሥራ መሥራት ፈለግሁ።

የ12ኛ ክፍል ውጤት መጥቶ ምርጫ ስሞላ ነርሲንግን አንደኛ አደረግሁ። ዘመድ አዝማድ እስከ ዛሬ «ውጤትሽ ሕክምና አያስገባሽም ነበር እንዴ?» ይለኛል። ነርስነት ሐኪም መሆን ያልቻለ ሰው ማረፊያ ይመስላቸዋል። በዚህ ጊዜ ልዕልት ፀሐይን አነሳላቸዋለሁ። የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ሆና፣ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ተመርቃለች። በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነቷ አረፈች፤ ለመታሰቢያዋ የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። ማንም ያላስገደዳት ልጅ መርጣ የገባችበትን ሙያ እኔም መርጬ ነው የገባሁበት።

ወደ ዕቃው ልመለስ። በየበሽተኛው መካከል ማዳመጫውን በአልኮል ጥረጉ፤ ቱቦውን ፀሐይ ላይ አታስቀምጡ፣ ይደርቃል። ባለመርፌ ጌጅ እየዋለ እያደረ ልኩን ይስታል፤ መሬት ላይ ከወደቀ ደግሞ መርፌው ዜሮ ላይ ቢቆምም አትመኑት። በየስድስት ወሩ የምትለማመዱበት ሆስፒታል የባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ) ባለሙያ እንዲያመሳክርላችሁ ለምኑ። ከመለካታችሁ በፊት በሽተኛው አምስት ደቂቃ ይረፍ፤ እግሩን አያነባብር፤ ክንዱ በልቡ ትይዩ ይደገፍ። ዕቃው የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን ይህ ካልተደረገ ቁጥሩ አይታመንም።

ለተማሪ በጣም ጥሩ ግዢ ነው፤ እንደገና ብገዛም እሱኑ ነው የምገዛው። ለቀጭን ክንድ የሚሆነው አነስተኛ ካፍ ግን አብሮት ስለማይመጣ ለብቻው ጠይቁ። እኔ በሄድኩበት ጊዜ አልቆባቸው ስለነበር ስልክ ቁጥሬን ትቼላቸዋለሁ። መታወቂያችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ተማሪ መሆኔን ሲያዩ ሳልከራከር ቀንሰውልኛል።