ቤታችሁ ሙዚቃ የምትሠሩ ልጆች፣ «ሙሉ ፓኬጅ» የሚሏችሁን እንዳትገዙ

ስታዲየምና ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር ለማሻሻል የምትዞሩ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። «ላፕቶፕህን አምጣ፣ ትንሽ ጨምር፣ ለሙዚቃ የሚሆን ሙሉ ፓኬጅ እንሰጥሃለን» የሚሉ ሻጮች አሉ። ኮር አይ 7 ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ)፣ በዚያ ላይ ኤፍኤል ስቱዲዮና ኩቤዝ የሚባሉት የማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች፣ የመሣሪያ ድምፆች የሚያጫውተው ኮንታክትና የፕለጊን (ድምፅና ኢፌክት የሚጨምሩ ትንንሽ ሶፍትዌሮች) መዓት ተጭኖበት፣ «ሁሉም ፉል ነው፣ ዕድሜ ልክ» ይሏችኋል። ተዉት። የሚበላው ብራችሁን ብቻ አይደለም፣ የለፋችሁበትን ሥራም ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ቤቱ ሆኖ የሚያቀናብር ጎበዝ ልጅ አለ። የድሮውን ላፕቶፕ ሰጥቶ፣ ያጠራቀመውን ጨምሮ ይህን ፓኬጅ ወሰደ። ከዚያ ድምፁ እየተንጣጣ አላሠራ ሲለው ጠራኝ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭኜ ታስክ ማኔጀር ከፈትኩ። «ፐርፎርማንስ» የሚለው ውስጥ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ይታያል፦ አይ 7-6500ዩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ነው፣ ያለው ኮር (ሥራውን ተካፍሎ የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ደግሞ 2 ብቻ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው አይ 5-8250ዩ 4 ኮር አለው። ሻጩ «አይ 7» ሲል አልዋሸም፣ ግን ልጁ የገዛው የ7 ቁጥሯን ነው።

ይሄ ለሙዚቃ ለምን ይብሳል? ፊልም ስታዩ ኮምፒውተሩ ቀድሞ አዘጋጅቶ ሊያስቀምጥ ይችላል። ኪቦርድ እየተጫወታችሁ ስትቀዱ ግን ጊዜ የለውም። በ44.1 ኪሎኸርዝ፣ ባፈሩ (ኮምፒውተሩ በአንዴ የሚሠራው የድምፅ ቁራጭ መጠን) 256 ሳምፕል ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ እያንዳንዷን ቁራጭ ድምፅ በ6 ሚሊሰከንድ ገደማ ሠርቶ መጨረስ አለበት። ካልደረሰ ይንጣጣል፣ ይቆራረጣል። ልጁ ከበሮ፣ ቤዝና የማሲንቆ ሳምፕል (ተቀድቶ የተዘጋጀ የመሣሪያ ድምፅ) አስገብቶ ሁለት ሪቨርብ (የማስተጋባት ኢፌክት) ሲጨምርበት የፕሮሰሰሩን ጫና የሚያሳየው መለኪያ ቀይ ሆነ። እዚህ ላይ ራም መጨመር አያድንም። ራም የሚጠቅመው ከባድ የሳምፕል ላይብረሪዎችን ለመያዝ ነው፣ ኤስኤስዲ ደግሞ ቶሎ ለመክፈት። ሦስቱን ሥራ አታምታቱ፣ ሻጩ የሚጫወትባችሁ እሱ ላይ ነው።

ሌላም አለ። እንደ ልጁ ያለ ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር (6500 ላይ የመጀመሪያዋ 6 ትውልዱን ነው የምትናገረው፣ 8250 ደግሞ ስምንተኛ ነው) ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። «ማሻሻል» ብለው የሸጡለት እንግዲህ ይሄን ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሶፍትዌሩ ነው። የዊንዶውስ የራሱን አንቲቫይረስ፣ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ስከፍት፣ እንዳይፈተሽ የተባለው ዝርዝር ውስጥ ሙሉው ሲ ድራይቭ ገብቷል። ልጁን ስጠይቀው «ጋሼ፣ አንቲቫይረሱን እንዳትነካው፣ ፕለጊኖቹን ያጠፋብሃል ብሎኛል» አለኝ። አያችሁ? ክራክ የተደረገው (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረው) ሶፍትዌር እንዲሠራ በሩን ከፍተውለት ነው የሄዱት። በዚያ በር ማንም ይገባል። ስቶፕ የሚባለው የራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ዓይነት በብዛት የተሰራጨው በእንዲህ ዓይነት ክራክ ነው። ፋይሎቻችሁን ይቆልፍና 980 ዶላር አምጡ ይላል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ለሚከፍል 490። የዓመት ሥራችሁ፣ የዘፋኙ ቮካል፣ ያልወጣው አልበም እንዳለ ይቆለፋል። ከፍላችሁም መመለሱ ዋስትና የለውም።

የውጭ ክፍያ ለኛ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ዶላሩም የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ቢሆንም መንገድ አለ። ሪፐር የሚባለው የማቀናበሪያ ሶፍትዌር ሙሉውን 60 ቀን በነፃ ያስሞክራል፣ አነስተኛ ገቢ ላለው ሰው ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮን አንዴ ከገዛችሁ ቀጣይ ቨርዥኖቹ በነፃ ናቸው። የሙከራውም ዘፈኑን ኤክስፖርት ያስደርጋል፣ ሴቭ ያደረጋችሁትን ፕሮጀክት መልሶ አለመክፈቱ ነው ችግሩ። ውጭ ያለ ዘመድ ቢከፍልላችሁ እንኳ ምዝገባው በራሳችሁ ኢሜይል ይሁን። የሌላ ሰው አካውንት ከፍቶ «ይኸው ኦሪጅናል» የሚላችሁን አትቀበሉ።

ላፕቶፓችሁ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ከሆነ አትቀይሩት። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሩ፣ ራሙን ከተቻለ 16 አድርሱ፣ ለጀማሪ ይበቃል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አስከፍታችሁ እዩ። የወጣውን ዲስክም ተቀበሉ፣ ፋይላችሁ ያለው እሱ ላይ ነው። ደረሰኝ ላይ «ላፕቶፕ አይ 7» ብቻ ከተጻፈ መልሱት። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ሞዴል ይጻፍ። ስለምትገዙት ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተሰጣችሁ መብት ነው፣ ልመና አይደለም። ሻጩ ቢነጫነጭም ጠይቁ።

ፓኬጁን ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ፕሮጀክቶቻችሁንና የቀዳችሁትን ድምፅ ወደ ውጭ ዲስክ ገልብጡ። ማስጫኛ ፋይሎቹን አብራችሁ እንዳትገለብጡ። ከዚያ የላፕቶፑን ዲስክ (የገለበጣችሁበትን አይደለም) ሙሉ በሙሉ ፎርማት አድርጋችሁ ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዳችሁ እንደ አዲስ ጫኑ። የኢሜይል፣ የቴሌግራም፣ የዩቲዩብ ቻናላችሁንና የባንክ የይለፍ ቃሎቻችሁን ደግሞ በሌላ ንጹሕ ስልክ ቀይሩ።