የእናቴን የበቆሎ ማሳ ከባሕር ዛፍ ላዳነች ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ውለታን በልብ ብቻ ይዞ መቀመጥ ስለከበደኝ ነው። በጉራጌ ዞን፣ እምድብር አካባቢ በሚገኝ አንድ ቀበሌ የምትሠራ የልማት ጣቢያ ባለሙያ፣ እናታችን በጎረቤት እያሳረሰች የምታለማውንና እኛ አዲስ አበባ የምንኖር ልጆች ተስፋ የቆረጥንበትን ማሳ መልሳ ሰጥታናለች። ስሟን እንዳላወጣ አጥብቃ ስለለመነችኝ ቃሌን እጠብቃለሁ።

ማሳው ከቤት ወረድ ብሎ የሚገኝ ግማሽ ሄክታር ቀይ አፈር ነው። አባታችን በሕይወት ሳለ ቤተሰቡን ይቀልብ የነበረው ይህ መሬት፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ የሚገረጣበት፣ ዝናብ ለአሥር ቀን ካቆመ ደግሞ የሚጠወልግበት ቦታ ሆነ። እኛም መፍትሔው ማዳበሪያ ማብዛት መስሎን በየዓመቱ ገንዘብ እንልካለን፤ እናታችን ትጨምራለች፤ ምርቱ ይቀንሳል።

በዚህ መካከል የደረሰብንን ባስታወስኩ ቁጥር ያመኛል። በ2013 አንድ ነጋዴ «መሬቱን በአንድ ክረምት ያድሰዋል» ያለውን ፈሳሽ በውድ ዋጋ ሸጠልን፤ ምንም ለውጥ ባለመታየቱ ስንደውልለት ስልኩን አላነሳም። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ሰው የእርሻ ኖራ ነው ብሎ ነጭ ዱቄት በኩንታል አስጫነን፤ ኋላ ላይ የግድግዳ ቀለም ማዘጋጃ መሆኑን የነገረን አንድ ግንበኛ ጎረቤታችን ነው። ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ ግን ከስንት ልመና በኋላ የመጣው ባለሙያ ነው። ከመኪናው እንኳ ሳይወርድ፣ አፈሩን በእጁ ሳይነካ፣ «ይህ መሬት ሞቷል፤ ባሕር ዛፍ ትከሉበት» ብሎ ሄደ። ዙሪያችን ያሉ ብዙ ማሳዎች በባሕር ዛፍ የተዋጡት እንዲህ ባለ ምክር ነው። እናቴ በዚያ ምሽት እራቷን አልበላችም።

ይህች ልጅ የመጣችው በ2015 ለመስቀል አገር ቤት በገባሁበት ሰሞን ነው። በዓሉ ገና ሳያልፍ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ በእግሯ መጣች። ብዙ አልተናገረችም። ከታችኛው ማሳ አንድ የበቆሎ አገዳ ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቀለች፤ ከጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ከበቀለው በቆሎም እንዲሁ አንድ ነቀለች። ሁለቱን በውኃ አጥባ በእንሰት ቅጠል ላይ ጎን ለጎን አስተኛቻቸው። የጓሮው ሥር እንደ ጸጉር ረዝሞ ተበትኗል፤ የታችኛው ግን አጭር፣ ወፍራምና የተኮራመተ ነበር። እናቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ስታይ ቆይታ «እኔ እኮ ዘሩ ነው ብዬ ነበር» አለች። ባለሙያዋም አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ሥሩ ወደታች መውረድ እንደማይችል፣ ሥሩ ካልወረደ ደግሞ ከሥር እርጥበት እያለ እንኳ ተክሉ በጥቂት ቀን ፀሐይ እንደሚጠማ፣ የምንጨምረውንም ማዳበሪያ አፈሩ አስሮ እንደሚያስቀረው በቀላል ቃል አስረዳችን። ያን ሁሉ ዓመት ዝናቡን ስንከስስ ነበር።

ቀጥላም «እማማ፣ ለእንሰትዎ ምን ያደርጉለታል?» ብላ ጠየቀች። እናቴ የከብቱን ፍግ፣ የምድጃውን አመድና የቤቱን ጥራጊ ጠዋት ጠዋት እንደምታለብሰው ነገረቻት። «ታዲያ የታችኛው ማሳ የእንጀራ ልጅ ነው?» አለቻት። እናቴ ሳቀች፤ እኔ ግን አንድ ባለሙያ እናቴ የምታውቀውን ነገር ዕውቀት ብሎ ሲቀበል ያየሁት ያን ጊዜ ስለነበር ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሙሉ ተረድቼዋለሁ አልልም። አፈሩን ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እየወሰደች ቀላቅላ፣ በጥላ አድርቃ ለምርመራ ላከችው። የታችኛው ማሳ የአሲዳማነት መለኪያ (ፒኤች፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ ይበዛል) 4.7፣ የጓሮው 6.3 ሆኖ ተመለሰ፤ ከ5.5 በታች ሲሆን በአፈር ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ሥርን እንደሚመርዝ ነገረችን። የአፈሩን አሲዳማነት የሚቀንሰውን እውነተኛውን የእርሻ ኖራ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል እንድናገኝ ረዳችን፤ በመጋቢት፣ ከዘር በፊት፣ ከአፈሩ ጋር እንዲቀላቀል ተደረገ። ፍጉም ኩበት ሆኖ መንደዱ ቀርቶ በጉድጓድ ተብላልቶ ኮምፖስት ሆነ። በበቆሎው መስመሮች መካከል ደግሞ ቦሎቄ ተዘራ። «ኖራው ሳይቀድም ቦሎቄው ሥራውን አይሠራም» ያለችን በኋላ ነው የገባን፤ የቦሎቄውን ሥር ነቅላ፣ በላዩ ያሉትን ትናንሽ እብጠቶች በጥፍሯ ከፍታ ውስጣቸው ሮዝ መሆኑን አሳየችን፤ ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ነው ማለት ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ሐቀኝነቷ ነው። «በመጀመሪያው ዓመት ብዙ አትጠብቁ፤ ኖራም ሲበዛ ይጎዳል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፈሩ እንደገና መመርመር አለበት» አለችን። ተአምር ያልሸጠችልን የመጀመሪያዋ ሰው እርሷ ናት። በተከታዩ ክረምት ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ያህል ሲጠፋ የቦሎቄው ቅጠል መሬቱን ሸፍኖት ስለነበር አፈሩ ሲነካ ይቀዘቅዝ እንደነበር እናቴ በስልክ ነገረችኝ። ባለፈው መኸር፣ ቀድሞ ሦስት ኩንታል ከማይሞላበት ማሳ ዘጠኝ ኩንታል በቆሎና አንድ ኩንታል ተኩል ቦሎቄ ገባ። ገንዘብ ብንሰጣት እምቢ አለች፤ የተቀበለችው የእናቴን ቡና ብቻ ነው።

ከሚታረሰው የአገራችን መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው የአሲዳማነት ችግር እንዳለበት ከእርሷ ስሰማ፣ ስንት ቤተሰብ እንደ እኛ ዝናቡንና ዘሩን ብቻ እየወቀሰ እንደሚኖር አሰብኩ። ስለዚህ በቸሃ፣ በእዣ፣ በጉመርም ሆነ በሌላ ደጋና ወይና ደጋ ወላጆች ያሏችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ፣ ለማዳበሪያ የምትልኩትን ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩ። እባካችሁ፣ ከመጋቢት በፊት የቀበሌያችሁን የልማት ጣቢያ ባለሙያ ፈልጉ፤ ከመኪና ወርዶ አፈር የሚነካውን ምረጡ። በእምድብር ዙሪያ ያላችሁ ደግሞ ይህችን ልጅ ጠይቃችሁ አታጡአትም፤ ዝናብ ቢዘንብም፣ ጭቃ ቢሆንም በእግሯ ትመጣለች።

እህቴ ሆይ፣ ይህን ካነበብሽ የእናቴን መልእክት ልንገርሽ፦ ቦሎቄው ተወቅቶ አልቋል፤ ለሦስቱ ጎረቤቶች ዘር እንዲሆን ያልሻት በጣሳ ተለክቶ፣ ከአመድ ጋር ተቀላቅሎ በእንስራ ተቀምጦልሻል።